አልነሣም ያለችው መኪናችን

በ2017 ዓ.ም. ክረምት በቤታችን የሆነውን ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ፥ «የአንዲት አሮጌ መኪና ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መኪና የሌለው ቤት ካለው ቤት ይበዛልና ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን የመኪናይቱ ብልሽት በመኪናይቱ ላይ አልቆመም፤ ወደ ማዕዳችን ገብቶ አንድ ወጣት ከቤታችን እስከ ማስወጣት ደርሷል። ስለዚህ ነገሩን ከነሥሩ እንናገራለን፤ ስለ ሞተርና ስለ ኮምፒውተር የምንለውም መኪና ላላቸው ጥቂት ይጠቅማቸው ይሆናል።

የምንኖረው በደብረ ብርሃን ነው። በልጅነታችን በቆሎ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመን ዲቁና ከተቀበልን በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገባን፤ እነሆ አሁን ዕድሜያችን አርባን ተሻግሮ ፊዚክስ እናስተምራለን። ፊዚክስ ማስተማራችንን የምንጠቅሰው ለመመካት አይደለም፤ ከታች እንደሚታየው ለኀፍረታችን ነው። መኪናይቱን የገዛናት ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤታችን ከደረሳት ዕቁብና ከመምህራን የቁጠባ ማኅበር ከተበደርነው ገንዘብ ነው። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ2006 የተሠራች፥ አራት ሲሊንደር ያላት፥ በቤንዚን የምትሄድ ትንሽ መኪና ናት። ጋራዥ ስለሌለን የምናቆማት በግቢያችን ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ከፀሐይ ትጠበቃለች ብለን ነበር።

ከእኛ ጋር የእኅታችን ልጅ ይኖራል። ከመንዝ መጥቶ በሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚማር፥ ንግግሩ ጥቂት፥ ጠባዩ የታረመ ልጅ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወዲህ መኪናይቱን አልፎ አልፎ ይነዳልን ነበር። እናታችን ደግሞ በዚያ ዓመት ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተጋርደው ሰውን በድምፁ ብቻ የምትለይበት ደረጃ ላይ ደርሳ ነበርና፥ ወራት ከወሰደ ምልልስ በኋላ በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ተራ አገኘንላት። ቀኑ ነሐሴ 22፥ ሰዓቱ ጧት 1 ሰዓት ተኩል ሆኖ ተቈረጠ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ ሌሊት 10 ሰዓት መነሣት ነበረብን።

ከዚያ ቀን በፊት መኪናይቱ ሦስት ሳምንት ያህል ምልክት ስትሰጠን ቆይታለች። በዝናብ ማግሥት ጧት ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ይዞራል፥ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን እንደ ቀድሞው ቶሎ አይቀበልም። ሲቀበልም አንዳንድ ጊዜ አንድ ሁለት ጊዜ ጮኾ ይጠፋና እንደገና ይነሣል። በክሩስኮቱም ላይ የሞተር ሥዕል ያለባት ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋም አለች። የእኅታችን ልጅ ይህን አይቶ፥ «ጋሼ፥ ይቺ መብራት ዝም የምትባል አይደለችም፤ ኮምፒውተሩ የሚለው ነገር አለ፤ ለባለሙያ እናሳያት» ብሎን ነበር። እኛም፥ መብራት መኪና አያቆምም፤ ክረምቱ ሲወጣ ይታያል ብለን መለስንለት። ደመወዝ አልቆ ነበር። በእውነቱ ግን ምክንያቱ ደመወዙ ብቻ አልነበረም፤ በሃያ ዓመት ልጅ መመከር አልወደድንም።

በዋዜማው ነሐሴ 21 ልጁ አያቱን ከመናኸሪያ በመኪናይቱ አምጥቶ በቦታዋ አቆማት። ሌሊቱን ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ወረደ።

በ10 ሰዓት እናታችንን ጋቢ አልብሰን ከኋላ ካስቀመጥናት በኋላ ቁልፉን አዞርን። የዘወትሯ ቢጫ መብራት አልበራችም። ይህን ያየነው በደንብ ነው፤ እንዲያውም «ተመስገን፥ ዛሬስ ጠፍታለች» ማለታችንን ባለቤታችን እስከ ዛሬ ታስታውሰናለች። ሞተሪኖው ዞረ፤ ሞተሩ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠሰም። ደግመን ሞከርን፤ ሠለስን። በዐሥረኛው ሙከራ ባትሪው ደከመ። እናታችን ከኋላ፥ «ልጄ፥ ምን ሆነ? ለምን አንሄድም?» ትላለች። ያን ጊዜ ነው ወደ እኅታችን ልጅ ዞረን፥ ትናንት ምን ነካክተህባት ነው፥ ደኅና የነበረችውን መኪና ያበላሸሃት አንተ ነህ፥ የተማርከውን ልትሞክርባት ከፍተሃት ይሆናል እያልን በእናታችንና በልጆቻችን ፊት የተናገርነው። እርሱም፥ «አልነካሁም፥ ጋሼ» ብሎ ዝም አለ። ዝም ማለቱንም እንደ ማመን ቈጠርንበት።

መንገድ ወጥተን በጭለማ መኪና ስንለምን፥ በመጨረሻም በመጀመሪያው ሚኒባስ ስንሄድ አዲስ አበባ የገባነው ከ4 ሰዓት በኋላ ነበር። ተራችን ለሌላ ሕመምተኛ ተሰጥቶ ነበርና ለኅዳር 15 ተቀጠርን። ሆስፒታሉን አንወቅስም፤ ከእኛ ኋላ የተሰለፈውም የሰው እናት ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ልጁ መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ጓደኞቹ ወደ ተከራዩት ክፍል ሄዷል። ባለቤታችን፥ «ልጅ አስወጣህ» ከማለት በቀር ምንም አልጨመረችም።

አሁን ስለ ሞተሩ እንናገር። የቤንዚን ሞተር እንዲነሣ ሦስት ነገሮች በልክና በጊዜያቸው መገናኘት አለባቸው፤ እነርሱም አየር፥ ቤንዚንና የእሳት ብልጭታ ናቸው። ሞተሪኖው የሚያደርገው ሞተሩን በባትሪ ኃይል መጀመሪያ ማሽከርከር ብቻ ነው። ይህ መሣሪያ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1912 በካዲላክ መኪኖች ላይ ከመግባቱ በፊት ሰው በብረት ዘንግ ከፊት እያሽከረከረ ያስነሣ ነበር፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታም የብዙ ሰው ክንድ ተሰብሯል። እንግዲህ ሞተሪኖ ዞረ ማለት መኪና ተነሣ ማለት አይደለም፤ የቀረውን የሚያደርግ ሌላ አለ።

ይህን የቀረውን ሥራ በቀድሞ መኪኖች ላይ የሚሠሩት ካርቡራተርና ብልጭታ አከፋፋዩ ነበሩ። ሁለቱም በዓይን የሚታዩ፥ በመፍቻ የሚፈቱ ነገሮች ናቸው። ካርቡራተር ግን የአገሩን ከፍታ አያውቅም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ስለ ሆነ አየሩ ከባሕር ዳሩ አየር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው፤ በቈላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የማይመጥን ብዙ ቤንዚን ይጨምርና ሞተሩ ጥቁር ጢስ እያወጣ ይንገዳገዳል። ባላገሩ ሹፌር ሁሉ ቪቱን እየፈታ የሚያስተካክለው ለዚህ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንዱ የሎስ አንጀለስን ሰማይ ያጠቈረው የመኪና ጢስ፥ ሁለተኛው የትራንዚስተር መርከስ። በ1967 የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክ ሳጥን እየለካ የሚረጭ ሥርዐት ሠርቶ በፎክስዋገን 1600 ላይ አዋለ። በ1970 አሜሪካ ስለ አየር ንጽሕና ጠንካራ ሕግ ስታወጣ ሌሎቹም ወደዚያው መጡ። በ1979 ደግሞ ያው ቦሽ ቤንዚኑንና ብልጭታውን በአንድ ኮምፒውተር የሚያዝ ሥርዐት በቢ ኤም ደብሊው መኪና ላይ አወጣ። ጥቂት ቈይቶ ብልሽትን በፊደልና በቍጥር የሚናገር ዐሥራ ስድስት ቀዳዳ ያለው መጠየቂያ ሶኬት ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ በሚሸጥ መኪና ሁሉ ግዴታ ሆነ። መካኒኮቻችን «ኢሲዩ» የሚሉት ሳጥን ከዚህ የዘር ሐረግ የወረደ ነው፤ የመጽሐፍ ያህል ስፋት ያለው የብረት ወይም የአልሙኒየም ሳጥን ሲሆን ከውስጡ አንድ አረንጓዴ ጠፍጣፋ ሰሌዳ አለ።

ሳጥኑ የሚሠራውን ሥራ ስናሰላ ያስደንቃል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በደቂቃ 6,000፥ በሴኮንድ 100 ማቀጣጠል ያደርጋል። ለእያንዳንዷም ኮምፒውተሩ የአየሩን መጠን፥ የሞተሩን ሙቀት፥ የእግር መርገጫውን ሁኔታ አይቶ፥ አንድ እጅ ቤንዚን ወደ 14.7 እጅ አየር በሚዛን እንዲደርስ የመርጫውን የመከፈቻ ጊዜ በሺኛ ሴኮንድ ይለካል፤ ከዚያ ወደ ካንዴላው የሚሄደውን ከ20 ሺሕ ቮልት በላይ የሆነ ብልጭታ መቼ እንደሚለቅ ያዝዛል። የሞተሩ ዘንግ የት እንደ ደረሰ የሚያውቀው ከዘንጉ ጋር በሚዞር ጥርሳም ክብ ነው፤ በብዙዎቹ የአውሮጳ መኪኖች ላይ ጥርሱ በ60 ተከፍሎ ሁለቱ ስለ ተጐደሉ፥ ባዶው ቦታ ባለፈ ቍጥር ኮምፒውተሩ «እነሆ መጀመሪያው» ብሎ ይቈጥራል። እኛ በቅኔ ማሕሌት ያደግን ሰዎች ነንና መሪጌታው ባይመራ ጸናጽሉም ከበሮውም በእጅ ላይ እንደሚቀር እናውቃለን። ሞተሪኖው ያለ ኮምፒውተሩ መዞሩ ግን እኛን ያታለለን ነገር ነው። በብዙ የቈዩ መኪኖች ላይ ሞተሪኖው ትእዛዝ የሚቀበለው በቀጥታ ከቁልፉ ስለ ሆነ ኮምፒውተሩ ቢሞትም ይዞራል። በቁልፍ ፋንታ ቍልፊት ተጭነው በሚነሡት አዳዲሶቹ ግን ሞተሪኖውን የሚያዘው ራሱ ኮምፒውተር ስለሆነ፥ እርሱ ሲሞት መኪናው ድምፅም አያሰማ።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። የመጀመሪያው ጋራዥ ባትሪውን አየና «አርጅቷል» አለን፤ አዲስ ገዛን። ሞተሪኖው በአዲሱ ባትሪ እንደ ወፍጮ ዞረ፤ ሞተሩ ግን እንዳለ ነው። ሁለተኛው ጋራዥ የተባለውን መጠየቂያ መሣሪያ በሶኬቱ ቢሰካ መኪናይቱ መልስ አልሰጥ አለች። «ኮምፒውተሩ ሞቷል» ተባለ። ለፍተሻም ከሌላ ተመሳሳይ መኪና የተፈታ ሳጥን አምጥተው ቢሰኩ ሞተሩ አንድ ሴኮንድ ያህል ተነሥቶ ጠፋ፤ ደግሞ ተነሥቶ ጠፋ። በዚህ ጊዜ «ሽቦውም ሁሉ ተቃጥሏል፤ ኮምፒውተሩም ሽቦውም አብሮ ይለወጥ» ብለው ዋጋ ነገሩን። ከሦስት ወር ደመወዛችን ይበልጣል። ለእናታችን ዓይን ያስቀመጥነው ገንዘብ እንኳ ያን አይሸፍንም። መኪናይቱን በሰው አስገፍተን መልሰን ከባሕር ዛፉ ሥር አቆምናት፤ መስከረምም በዚሁ አለቀ። እናታችን በእኛ ዘንድ ቈይታ ቀጠሮዋን ስትጠብቅ በመስቀል ሰሞን ደጃፉን ስታልፍ ደረጃውን ስታ ወድቃ ጕልበቷ ቈሰለ። ድምፅ አላሰማችም፤ ልጆቹ ናቸው የነገሩን።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ጧት የግቢያችን በር ተንኳኳ። የእኅታችን ልጅ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ከሚጠጋ ሽማግሌ ጋር ቆሟል። ሽማግሌው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ናቸው፤ ልጁ ከትምህርት ውጭ በእርሳቸው ዘንድ እየሠራ የክፍሉን ኪራይ ይከፍል ኖሯል። እርሱ ከበር አላለፈም፤ «አያቴን ልጠይቅ መጥቼ ነው» አለ። ሽማግሌው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፥ «የኔታ፥ ልጁ ስለዚህች መኪና ሲያጫውተኝ ሰነበተ፤ ካልከፋዎት ልያት» አሉን። እኛም ዘመናዊውን መሣሪያ ያሸነፈ ብልሽት ለሽማግሌ መፍቻ እንደማይገኝ እያሰብን፥ ግን ለአክብሮት «ይግቡ፥ አባቴ» አልን።

ከሁሉ አስቀድሞ ኮፈኑን አልከፈቱም። ከሹፌሩ ቦታ ተቀምጠው ቁልፉን ሞተሪኖው ከመዞሩ በፊት ካለው ቦታ ላይ አቆሙትና፥ «የኔታ፥ እስቲ የሞተሯን ቢጫ መብራት ያሳዩኝ» አሉን። አልበራችም። «ይቺ መብራት ቁልፉ ሲከፈት ሁልጊዜ መብራት አለባት፤ ሞተሩ ሲነሣ ነው የምትጠፋው። ቁልፉ ተከፍቶ ካልበራች፥ አምፖሏ ካልተቃጠለ፥ ኮምፒውተሩ አልነቃም ማለት ነው» አሉ። ያን ሌሊት «ተመስገን» ያልንባት መብራት ትዝ አለችን። ከዚያ ዝም እንድንል በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ቁልፉን ዳግመኛ ከፈቱ። «ከኋላ ወንበር ሥር ሁለት ሴኮንድ ያህል የሚያጉረመርም ነገር ሰማችሁ?» ያ የቤንዚን ፓምፕ ነው፤ የሚያዘውም ኮምፒውተሩ ነው። አልሰማንም።

ቀጥለው ያደረጉት የሰውየውን ትዕግሥት የሚያሳይ ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ መረመሩ፤ ደኅና ናቸው። ወደ ኮምፒውተሩ ሶኬት የባትሪ ኃይል መድረሱን በመፈተሻ አምፖል አዩ፤ ይደርሳል። የመሬት ሽቦው ከአካሉ ጋር መያያዙንም አዩ፤ ተያይዟል። ኮምፒውተሩ ለጠቋሚዎቹ ማለትም ሙቀትን፥ አየርንና የዘንግን ቦታ ለሚነግሩት ትንንሽ መሣሪያዎች 5 ቮልት ያድላል፤ ከእነርሱ አንዱ ውስጡ ቢነካካ ያን 5 ቮልት ጠልፎ ወደ መሬት ይጥለውና ደኅናው ኮምፒውተር የሞተ ይመስላል። ስለዚህ ጠቋሚዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ለኩ። የእኅታችን ልጅ በዚህ ጊዜ ከበሩ ወደ መኪናይቱ ቀርቦ መለኪያውን ይይዝላቸው ነበር። «አሁንስ?» ይላሉ። «ምንም የለም» ይላል። ሁሉም ተነቅሎ 5 ቮልቱ አልመጣም። «እንግዲህ ሳጥኑ ነው» አሉ። ከሁለተኛው ጋራዥ ጋር አንድ ቃል ላይ ደረሱ ማለት ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ገምተው ሲናገሩ እርሳቸው ሌላውን ሁሉ አስወግደው ነው የተናገሩት። ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ ያስተማርነው ልዩነት ነው።

የተዋስነው ሳጥን ለምን ለሴኮንድ ብቻ እንደ ተነሣም ጠየቅናቸው። ቁልፋችንን አንሥተው በጥቁሩ እጀታ ውስጥ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ነገር እንዳለች ነገሩን፤ በቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ያለ የሽቦ ቀለበት የእርሷን ምስጢር ቍጥር አንብቦ ለኮምፒውተሩ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ቍጥሩን ካላወቀው ሌባ ነው ብሎ ቤንዚኑን ይዘጋል። የሰው መኪና ሳጥን የእኛን ቁልፍ ከየት ያውቀዋል? ሽቦው ተቃጥሏል የተባልነው ስለዚህ በከንቱ ነበር።

ሳጥኑ በእኛ መኪና ያለው ከሹፌሩ ጎን በተቀመጠው ሰው እግር ፊት ለፊት፥ ከእቃ ማስቀመጫው ኋላ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ሰደው ምንጣፉን ሲዳብሱ ረጠበ። ከዚያ ወጥተው ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ ቢያነሡት፥ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጭቃ ተለውሶ እንደ ዳቦ ተጋግሯል። ውሃው እንዲወርድበት የተበጀው ቀዳዳ በቅጠል ስለ ተደፈነ፥ የክረምቱ ዝናብ እዚያ ይቈምና ሽቦዎቹ ወደ ውስጥ በሚያልፉበት ጎማ በኩል ሾልኮ፥ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ሳጥኑ ሶኬት ይወርድ ኖሯል። ዝናቡ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ ላይ «ለመንገድ ትጽዳ» ብለን በውሃ ጎማ ያንኑ ቦታ በኃይል ያጠብነው እኛ ራሳችን ነን። የእኅታችን ልጅ በዚያ ቀን ኮሌጅ ነበር።

ሳጥኑ ሲከፈት የሰሌዳው አንድ ጥግ እንደ አሮጌ መዳብ ድስት አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ከባትሪው 12 ቮልት 5 ቮልት የሚያወጣው ክፍል አጠገብ የነበረች ከጸጕር ጥቂት የምትሰፋ የመዳብ መሥመር በዝገት ተበልታ ተቈርጣለች። ቀስ በቀስ ስትበላ ነው መኪናይቱ ለሦስት ሳምንት በዝናብ ማግሥት ያንገራገረችው፤ በነሐሴ 22 ሌሊት ፈጽማ ተቈረጠች። ሽማግሌው ዝገቱን በንጹሕ አልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጥበው፥ በመነጽራቸው ላይ ሌላ ማጉያ ደርበው፥ የተቈረጠውን በቀጭን ሽቦ በጣጥለው በቆርቆሮ በየዱት፤ ከአጠገቡ ያለችውንም አንዲት የተበላሸች ቅንጣት ከአሮጌ ሳጥን አውጥተው ተኩ። የጠየቁት ዋጋ ለባትሪው ከከፈልነው ሢሶ አይሞላም። ሥራው ሲያልቅ ቁልፉን እኛ ከፈትን። ቢጫዋ መብራት በራች። ከኋላ ወንበር ሥር አጉረመረመ። ሞተሪኖው ግማሽ ዙር እንደ ዞረ ሞተሩ ተነሣ።

ይህን አንብቦ መኪናው አልነሣ ባለች ቍጥር ኮምፒውተሯን የሚከስ ሰው እንዳይኖር አደራ እንላለን። ሽማግሌው እንደ ነገሩን ከሚመጡባቸው ዐሥር «ኮምፒውተሯ ሞተ» ከተባሉ መኪኖች አብዛኞቹ የባትሪ፥ የላላ የመሬት ሽቦ፥ የቤንዚን ፓምፕ ወይም የዘንግ ጠቋሚ ሕመምተኞች ናቸው፤ ሳጥኑ ሲሞትም ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ገድሎት ነው። ውሃ አንዱ ነው። የባትሪ ኬብል በሚያዋስ ጎረቤት እጅ አዎንታዊውና አሉታዊው ሲገለባበጡ ሌላው ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ መንቀልም እንዲሁ፤ ይህ በቀድሞ መኪኖች ዘመን ዲናሞ ለመፈተሽ የተለመደ ስለ ነበረ ብዙ አዋቂ ሰዎች ዛሬም ያደርጉታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉትን አሮጌዎች መጠበቅ ግድ ሆኖብናልና፥ ቢያንስ ከመስታወቱ ግርጌ ቅጠል መልቀም ገንዘብ አያስወጣም።

ሞተሩ ሲነሣ ሽማግሌው እጃቸውን እየጠረጉ ወደ እኛ አዩ፤ ባለቤታችንም ከደጃፉ ላይ ቆማ አየችን። ማንም ምንም አላለም። በቤታችን ሥርዐት ታላቅ ታናሹን ይቅርታ ሲጠይቅ አላየንም፤ አባታችንም ለእኛ ብሎ አያውቅም። ቢሆንም ወደ ልጁ ሄደን፥ በአያቱና በልጆቻችን ፊት ስለ ከሰስነው በእነርሱው ፊት፥ እንደ በደልነው፥ መኪናይቱን ያበላሸናት እኛ እንደ ሆንን፥ ምክሩንም የናቅነው በትዕቢት እንደ ነበረ ነገርነው። ቃሉ እንደ ድንጋይ ከበደን። እርሱ መሬት መሬቱን እያየ፥ «ምንም አይደል፥ ጋሼ» አለ። «ምንም አይደል» የሚለው ቃል ስንት ትርጕም እንዳለው የሚያውቅ ያውቀዋል። በሳምንቱ መጻሕፍቱን ይዞ ተመለሰ፤ ነገር ግን የመኪናውን ቁልፍ ከእጃችን አይቀበልም። ጠረጴዛው ላይ ስናስቀምጠው ነው የሚያነሣው።

ኅዳር 15 ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ውርጭ ጥሎባት ነበር። ልጁ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ቁልፉን ግማሽ አዞረና ቆመ፤ መብራቷ በራች፤ ፓምፑ አጉረመረመ፤ ከዚያ ቀሪውን አዞረው። ከነጋ ሆስፒታል ደረስን። የአንደኛው ዓይን ቀዶ ሕክምና ከአንድ ሰዓት ያነሰ ወሰደ፤ በማግሥቱም ሐኪሙ የታሰረውን ፋሻ ፈታላት። እናታችን መጀመሪያ የገዛ እጇን አገላብጣ አየች፤ ቀጥላ እኛን አየችና «ሸብተሃል» አለች። ከዚያ ከበሩ አጠገብ ወደ ቆመው የእኅታችን ልጅ ዓይኗን አቅንታ ብዙ ጊዜ ቈየች።

«አንተ፥ ምነው ከሳህ? አያበሉህም እንዴ?»

ሐኪሙም ነርሷም ሳቁ። እርሱም ፈገግ ብሎ አንገቱን ሰበረ። የመውጫ ወረቀት ፈርመን ወደ ግቢው ስንወርድ ቀድሞን ደርሶ አገኘነው፤ ማታ ከቆመችበት ዛፍ በመኪናይቱ መስታወት ሥር የረገፈውን ቅጠል እየለቀመ በሌላ እጁ ይሰበስብ ነበር።